የእትዬ ሎጋ ክንድ

እትዬ ሎጋ ስድስት ክንድ ጨርቅ ለክታ እስክትጨርስ አንድ ሙሉ ሐሜት ታወራለች። ጥቅሉን ባንኮኒው ላይ ትዘረጋለች፣ ክርኗን ትተክላለች፣ ጨርቁን እስከ መሃል ጣቷ ጫፍ ትስብና "አንድ" ትላለች። በአንድና በሁለት መካከል ማን ከማን ጋር እንደታየች ትነግርሃለች፤ አራት ላይ የሠርጉ ቀን ተቆርጧል፤ አምስት ላይ ተጣልተዋል። ስድስት ላይ ቦታውን በአውራ ጣቷ ጥፍር ጫን አድርጋ "ቁረጥ" ትላለች። ቁረጥ የምትለው ባሏን ነው። ባሏ መቀሱን ይዞ በቀኟ በኩል ይቆማል። ዓይኑ የተከደነ ይመስላል፤ አፉ ግን በእርግጥ የተከደነ ነው። እሱ መቁረጥ ሲጀምር እሷ ፊቷን አዙራ ለሚቀጥለው ደንበኛ ሌላ ሐሜት ጀምራለች።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ የምትቀመጠው እሷ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። ገበያው ውስጥ ሠላሳ ሁለት የጨርቅ ሱቅ እያለ ሰው እሷ ዘንድ ለምን እንደሚሰለፍ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም ብዬ አምን ነበር። ከሌላ ሱቅ ስድስት ክንድ ገዝቶ "ሱሪና ሸሚዝ አውጣልኝ" የሚለኝ ሰው፣ ሱሪው ከወጣ ሸሚዙ እጅጌ ጉርድ ይሆንበታል። ከእሷ የገዛ ግን ሁለቱም ይወጡለታል፤ ትንሽም ይተርፋል። ስለሚተርፈው በኋላ እናወራለን። ባናወራም ደስ ይለኛል።

ምክንያቱ ለሁሉም ግልጽ ነበር። እትዬ ሎጋ ረጅም ናት፤ በገዛ ሱቋ በር ስትገባ ጎንበስ ትላለች። ረጅም ሰው ረጅም ክንድ አለው። ይኼ ምስክር የሚያሻው ነገር አይደለም። ፊት ለፊቷ ያለው ባለሱቅ ደግሞ አጭር ነው፤ በሌለበት "ጋሼ ጉርድ" ይሉታል፣ ፊቱ ላይ "ጋሼ" ብቻ። ጋሼ ጉርድ ዘንድ የሚገዛው የቸኮለ ሰው ነው፣ ወይም ከእትዬ ሎጋ ጋር የተኳረፈ።

ከአምና ጀምሮ ግን የእትዬ ሎጋ ትከሻ ይንቋቋ ጀመር። "አራት" ስትል ቋ፣ "አምስት" ስትል ቋ። ልጇ ሱቁን ለመረከብ ከተዘጋጀች ቆይታለች። ሒሳብ ትችላለች፣ ለየትኛው ፊት የትኛው ቀለም እንደሚሄድ ታውቃለች፣ ሰው አታስቀይምም። ችግሯ ቁመቷ ነው፤ እሱን የወረሰችው ከአባቷ ነው። በምሳ ሰዓት እናትና አባት ወደ ቤት ሲገቡ ልጅቷ ብቻዋን ትቀራለች፤ ራሷ ለክታ ራሷ ትቆርጣለች። ደንበኛው ገባ ይልና አንገቱን ወደ ውስጥ ያሰግጋል።

"እናትሽስ?"

"ምሳ ሄዳለች። እኔ ልለካልህ።"

"አይ፣ ይቅር። ለመጠየቅ ያህል ነው።"

ከዚያ ሰውየው በረንዳው ላይ እኔ አጠገብ ቆሞ፣ ደመናውን እያየ፣ እናትየዋ እስክትመለስ ይጠብቃል። እናትና ልጅ በዚህ ጉዳይ በየቀኑ ይነታረካሉ።

"ሱቁን ስጪኝና አረፍ በይ እማዬ። ትከሻሽ እኮ እንደ አሮጌ በር ነው የሚጮኸው።"

"ሱቁንስ ልስጥሽ። ክንዴን ከየት አባቴ አምጥቼ ልስጥሽ?"

"ሜትር የሚባል ነገር አለ።"

"ሜትር ክርን አለው?"

"የለውም።"

"በቃ።"

ነገሩ በዚህ እንዳለ የልኬት ቢሮው ሰው መጣ። ደረት ኪሱ ውስጥ አራት እርሳስ የደረደረ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ የብረት ሜትር በብብቱ የያዘ፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነው። የገበያውን ጨርቅ ሻጮች በሙሉ ዕቃ ማከማቻው ውስጥ ሰበሰበን። ከመጪው ወር መጀመሪያ አንስቶ ጨርቅ በሜትር እንዲሸጥ ታዟል፤ ተቃውሞ ያለው ግን መናገር ይችላል አለ። ይቺን ሁለተኛዋን ባይናገር ኖሮ ስብሰባው በአሥር ደቂቃ ያልቅ ነበር።

"ሜትር ስንት ክንድ ነው?" አለ አንዱ።

"ሁለት ክንድ ገደማ።"

"ገደማ ካልክማ አንተም እንደኛው ነህ።"

"መቶ ሳንቲ ሜትር ነው አንዱ ሜትር" አለ የቢሮው ሰው፣ ጋዜጣውን እየፈታ።

"መቶ ሳንቲም?" አሉ ወሬ ለመስማት የገቡ አንዲት አሮጊት ከኋላ። "በዚህ ዋጋ ከሆነ ለኔ ሁለት ቁረጥልኝ ልጄ።"

ጋሼ ጉርድ ተነሣ። መነሣቱን ያወቅነው ድምፁ ከበፊቱ ትንሽ ከፍ ካለ ቦታ ስለመጣ ነው። "ክንድ ቤት አይረሳም" አለ። "አይሰረቅም። ከሰውየው ጋር ይመጣል፣ ከሰውየው ጋር ይሄዳል።"

"ከሰውየው ጋርም ይታመማል" አለች የእትዬ ሎጋ ልጅ።

"አንቺ ዝም በይ" አለች እናትየው፤ ከዚያ ወደ ጋሼ ጉርድ ዞር ብላ "ቀጥል ወንድሜ" አለችው። ወንድሜ ያለችው ለአሥራ አምስት ዓመት ያኮረፈችውን ሰው ነው። ሁለቱ ያን ቀን አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እሷ ለክንድ የምትሟገተው ክንዷ ረጅም ስለሆነ ነው፤ እሱ ደግሞ ክንዱ አጭር ስለሆነ። ለአንድ ዓላማ ከዚህ የበለጠ ንጹሕ ኅብረት አይቼ አላውቅም።

የቢሮው ሰው ሁሉንም ሰማና አንዱን እርሳስ ከኪሱ አወጣ።

"መልካም፣ ክንድ ይሁን። ለሁለት ሳምንት እንሞክረው። ግን ለገበያው አንድ ክንድ ብቻ ነው የምመዘግበው። የማን ክንድ ልበል?"

ሁሉም እጅጌውን ሰበሰበ። ጠረጴዛው ላይ ሃያ ያህል ክንድ ተጋደመ፤ ወፍራም፣ ቀጭን፣ ጠጉራም፣ አንዱ ሰዓት የታሰረበት። "ያንተ ጣት ነው እንጂ ክንድ አይደለም"፣ "አንተ ጥፍርህን ቆርጠህ ና"፣ "ክርንህን ወደ ኋላ አትሳብ እንጂ"። ዘመድ ከዘመድ ሊጣላ ሲል ጋሼ ጉርድ እንደገና ተነሣ።

"ምን ያጨቃጭቀናል? የእትዬ ሎጋ ይሁን።"

ሰውየው ቂል አይደለም። ደንበኞቹ መንገድ ተሻግረው የሚሄዱት ለዚያ ክንድ ከሆነ፣ ያ ክንድ እሱም ባንኮኒ ላይ ከተቀመጠ ለምን ይሻገራሉ? ሌሎቹ ሠላሳ ባለሱቆችም እኩል ገባቸው መሰለኝ፣ እጃቸው አንድ ላይ ነው የወጣው። እትዬ ሎጋ ብቻ አልገባትም። "ኧረ እኔ ምን ቤት ነኝ" እያለች፣ ማንም ሳይለምናት እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ ጨርሳለች። አናጢው ክንዷን ሳንቃ ላይ አጋድሞ በእርሳስ ምልክት አደረገ። በሦስተኛው ቀን ሠላሳ ሁለት በትር ታድሎ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ሱቅ አንድ።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት እትዬ ሎጋ በየሱቁ እየዞረች በትሮቹን ትጎበኝ ነበር። "ክንዴን ፀሐይ ላይ አታስቀምጪብኝ" ትላለች አንዷን። "በክንዴ ዝንብ ትመታለህ እንዴ?" ትላለች ሌላውን። ለሦስት ቀን እንዲህ ደስ ብሏት ሰነበተች። በአራተኛው ቀን ጋሼ ጉርድ በእሷ ክንድ ሲለካ በመስኮት አየችው። በረንዳው ላይ መጥታ እኔ አጠገብ ተቀመጠች።

"እኔ የምልህ" አለችኝ፣ "ከእንግዲህ እኔ ዘንድ ለምን ይመጣሉ?"

"እንጃ እትዬ። ለሐሜቱ ይሆናል።"

አልሳቀችም።

ነገር ግን ደንበኞቿ አልቀሩም። ገበያተኛው አንድ ሁለቴ ሌላ ቦታ ገዝቶ ሞከረ፣ እኔ ዘንድ ሲያመጣው እጅጌው አልደርስ አለ፣ ከዚያ ተመልሶ የእትዬ ሎጋ በር ላይ ተሰለፈ። በትሩ አንድ፣ ቆጠራው አንድ፣ ጨርቁ ግን የእሷው ይበልጣል። ወሬው ከሰዓት በኋላ ተነሥቶ ሳይመሽ ገበያውን ሞላው። ለራሷ ረጅሙን በትር አስቀርታ ለኛ አጭሩን አደለችን ተባለ። በትሮቹን ጎን ለጎን አቁመው አስተያዩ፤ አንድ ናቸው። እንግዲያው ሲለኳት ክንዷን ሰብስባ ነበር ተባለ። ለበጎነቷ የተሰለፈላት ገበያ በሳምንቱ ክንድ የምትደብቅ ሴት አደረጋት።

ከሁሉ የተናደደው ጋሼ ጉርድ ነው፤ ክንዷን ወስዶ ሰዎቿን ማግኘት አልቻለም። ለቢሮው ማመልከቻ ጻፈ። "በሁለት ልክ ትሠራለች" የሚል ማመልከቻ ነው፤ በሁለት ልክ የሠራ ሱቅ ደግሞ ይታሸጋል።

የቢሮው ሰው በማግሥቱ ጠዋት ከነብረት ሜትሩ ከች አለ። ሱቋ ውስጥ መፈናፈኛ ጠፋ። እኔም መኪናዬን ትቼ ገባሁ። እትዬ ሎጋ ፊቷ አመድ መስሎ ከባንኮኒው ኋላ ቆማለች፤ ልጅቷ በግራዋ፣ ባልየው ከነመቀሱ በቀኟ።

"እናቴ" አላት ሰውየው በትሕትና፣ "ማመልከቻው እርስዎን የሚመለከት ነው። እንደ ወትሮዎ ስድስት ክንድ ይለኩልኝ። ምንም አይቀይሩ።"

ሰማያዊ ጥቅል ዘረጋች። በትሩን አስቀመጠች። "አንድ" አለች። ሐሜት የለም። "ሁለት።" ሱቁ ውስጥ የሚሰማው ትከሻዋ ብቻ ነው። ስድስት ላይ በጥፍሯ ጫን አደረገችና "ቁረጥ" አለች፤ ቀጣዩ ደንበኛ ያለ ይመስል በልማዷ ፊቷን ዞር አደረገች።

የቢሮው ሰው ፊቱን አላዞረም። የብረት ሜትሩን አነሣና የተቆረጠውን ጨርቅ ለካ።

"በትሩ አርባ ሰባት ሳንቲ ሜትር ነው። ስድስት ጊዜ ሲባዛ ሁለት ሜትር ከሰማንያ ሁለት። ጨርቁ" አለና ዳግመኛ ለካ፣ "ሦስት ሜትር ከአምስት።"

"አላልኩም?" አለ ጋሼ ጉርድ ከሰው መሃል። "ጨርቅ ትለጥጣለች።"

"አባዬ" አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። "ጥፍሯ እዚህ ነበር። አንተ የቆረጥከው እዚያ ነው።"

ሁላችንም ወደ ባልየው ዞርን። ሠላሳ ዓመት ቆሞ ማንም ወደሱ ዞሮ አያውቅም ነበር፤ ከኋላው ሰው እንዳለ ዞር ብሎ አየ።

"አዎ" አለ።

"ምኑ ነው አዎ?" አለች እትዬ ሎጋ።

"ስንዝር አልፌ ነው የምቆርጠው። መጀመሪያ ሱቁን ስንከፍት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰው ላይ እንዳላጎድል ትንሽ እያለፍኩ ቆረጥኩ። ከዚያ ሰዉ ይመላለስ ጀመር። ዝም አልኩ።"

"ሠላሳ ዓመት?"

"አልጠየቅሽኝም።"

"ሰዉ እኮ የሚመጣው ለክንዴ ነው።"

"ክንዱ ያንቺ ነው" አለ። "ስንዝሩ የኔ ነው።"

እትዬ ሎጋ እጅጌዋን ወደ ላይ ሰብስባ ክንዷን የቢሮው ሰው አፍንጫ ሥር ዘረጋችው። በብረቱ ለካት፤ አርባ ሰባት። ሴት ልጇን ለካ፤ አርባ ስድስት። ጋሼ ጉርድ ሳይጠየቅ ክንዱን ዘረጋ፤ አርባ ሦስት። ያ ሁሉ የተወራለት የክንድ ልዩነት አራት ሳንቲ ሜትር ነበር።

"እንግዲያ ይኼ ሁሉ ቁመቴ የት ገባ?"

የቢሮው ሰው ከላይ እስከ ታች በአክብሮት አያት። "እግርዎ ላይ ነው፣ እናቴ።"

እዚህ ላይ ሰዉ መሳቅ ሲጀምር፣ አንዲት ሴትዮ ድንገት ወደኔ ዞረች። ባለፈው ሳምንት ለባሏ የሰፋሁላት ናት።

"ቆይ፣ ስንዝሩ ይተርፍ ከነበረ የት ነው የሚገባው?"

"ስፌት ይበላል" አልኩ።

"ስንዝር ሙሉ?"

"ድርብ ስፌት ነው የምሰፋው።"

ይኼን ስናገር በረንዳዬ ላይ በሽቦ የተሰቀሉት ስምንት የሕፃን ኮፍያዎች፣ ከዚያው ከሰማያዊው ጨርቅ የተሰፉት፣ በነፋስ ይወዛወዙ ነበር። ሴትዮዋ እነሱን አየች፣ እኔን አየች። የሷን ኮፍያ በነጻ ሰጠኋት። ከሰዓት በኋላ ሌሎች ሰባት ሰዎችም በነጻ ወሰዱ።

የቢሮው ሰው መመሪያውን አውጥቶ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አገላበጠ። ማጉደል በአራት አንቀጽ ተከልክሏል። ስለመጨመር የሚል ነገር አላገኘም። "ማጉደል እንጂ መጨመር የሚያስብ ሰው አልነበረም ይሆናል" አለና ማመልከቻውን ለጋሼ ጉርድ መለሰለት። ከዚያ እዚያው ቆመን ሜትር ይግባ አይግባ ድምፅ ተሰጠ። ለክንድ የሚሟገት ጠፋ፤ ጋሼ ጉርድ እንኳ አርባ ሦስቱ በአደባባይ ከተነገረ በኋላ እጁን ለሜትር አወጣ። እትዬ ሎጋ አልተቃወመችም፣ አልደገፈችም። እጅጌዋን ወደ ታች አውርዳ ቁልፉን ቆለፈች።

ሱቋ ከመታሸግ ተረፈ፤ ቤቷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደታሸገ ነበር። ባሏን አኮረፈችው። ዝም ማለትን ሠላሳ ዓመት የተለማመደ ሰው ማኩረፍ ምን ያህል ትርፍ የሌለው ሥራ እንደሆነ በሁለት ቀን ውስጥ ገባት መሰለኝ፣ በሦስተኛው ቀን ልጇን ጠርታ በረንዳው ላይ እኔ እየሰማሁ ነገረቻት።

"ባንኮኒውን ተረከቢ። ክንድ እንደሆነ የኔም ያንቺም ያው ነው። አባትሽ ግን ከወሩ መጀመሪያ መቀሱን ያስረክብ። ሦስት ሜትር ከተባለ ሦስት ሜትር ነው፤ አንቺው ለክተሽ አንቺው ትቆርጪያለሽ። ሞኝ አድርጎኝ ኖሯል።"

"ሰዉስ? ለስንዝሩ እኮ ነው የሚመጣው።"

"ለስንዝር የሚመጣ ይቅር።"

ልጅቷ አባቷን አየችው። አባትየው መቀሱን አየ፤ የእጀታው ቀለም አውራ ጣቱ በሚገባበት በኩል ከተላጠ ዘመን አልፎታል። 

የወሩ መጀመሪያ ሰኞ ዋለ። ልጅቷ በማለዳ የብረቱን ሜትር ባንኮኒው ጠርዝ ላይ በምስማር መታችው። አባትየው ማንም ና ሳይለው በቦታው ቆሟል፤ መቀሱን ለማስረከብ ይሁን ለመቁረጥ አላወቅንም። እትዬ ሎጋ ወንበሯን አውጥታ እኔ አጠገብ በረንዳው ላይ ተቀመጠች፤ ሱቁን የምታየው በጎን ዓይኗ ነው። ሰው ተሰልፏል። ከሰልፉ መሃል አንዲት አንደበተ ርቱዕ ሴትዮ እትዬ ሎጋን ስታይ ፈገግ አለች።

"እትዬ፣ ለካ ያ ሁሉ ስንዝር የባልሽ ኖሯል። ታድለሽ። እኛማ ክንድሽን ነበር የምናመሰግነው።"

ሰው ሁሉ አንገቱን መዘዘ። እትዬ ሎጋ የቀሚሷን ጫፍ አስተካከለች፣ እግሯን አነባበረች፤ ያ ሁሉ ቁመት ያለበትን እግር።

"ባሌ?" አለች። "ባሌ ከመቼ ወዲህ ነው ከራሱ የሚያስበው? ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ሱቁን የከፈትን ቀን፣ ስንዝር እያለፍክ ቁረጥ ብዬ ነው የነገርኩት። የቢሮው ሰው የመጣ ቀን ሰው ሲበዛ ጊዜ፣ ሚስቱን አላጋልጥም ብሎ በራሱ ላይ አላከከው። ጨዋ ሰው ነው።"

እኔ መርፌዬን አፌ ውስጥ ይዤ ስለነበር ምንም ማለት አልቻልኩም፤ ለነገሩ ኮፍያዎቼም ገና አልተረሱም ነበር። ልጅቷ አፏን ከፍታ እናቷን አየቻት። ሴትዮዋ ወደ ባልየው ዞረች።

"እውነት ነው?"

ባልየው ሚስቱን አየ። "ታዝዤ ነው" አለ።

ልጅቷ ሦስት ሜትር ለክታ በጥፍሯ ጫን አደረገች። የአባቷ እጅ ከእሷ እጅ ቀደመ። መቀሱ ጥፍሯን አለፈ፣ ሌላም ትንሽ ሄደ፣ ከዚያ ነው የተከፈተው።

"አባዬ፣ ሦስት ሜትር ነው ያልኩት።"

"ሰምቻለሁ።"

"መቀሱን አስረክብ ተብለሃል እኮ።"

"ስንዝር አልፈህ ቁረጥ ተብያለሁ" አለ። ሲከራከር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። "ያዘዘችኝ ደግሞ እሷው ናት። እናትሽን ጠይቂ።"

ሰልፉ በሙሉ ወደ በረንዳው ዞረ። እትዬ ሎጋ መንገዱን አየች፤ ማዶ ጋሼ ጉርድ ሱቅ ውስጥ ሰው የለም። 

"ምን ታፈጭብኛለሽ?" አለቻት ልጇን በመጨረሻ። "የታዘዘውን ነው የሚያደርገው። ይቁረጥ እንጂ፣ ሰዉን አታስቁሚ።"